ሊቁ፣ እርሳሱና የደጋው ጨው

«በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚለው ተረት መከራ በመከራ ላይ ለተደረበበት ሰው የሚነገር ነው። ይሁን እንጂ ተረቱን ከምሳሌነቱ ለይተን ቃሉን ብቻ ብንመረምረው አንድ የታሪክ ምስክር ሆኖ እናገኘዋለን። ተረት የሚወለደው ሕዝብ ሁሉ ከሚያውቀው ነገር ነው፤ የማይታወቅ ነገር ምሳሌ ሊሆን አይችልምና። እንቅርት በደጋው አገራችን የተለመደ ሕመም ባይሆን ኖሮ፣ የመከራ ምሳሌ ሆኖ ከአባት ወደ ልጅ ባልተላለፈም ነበር።

በጎጃምም ነገሩ እንዲሁ ነበር። ቀድሞ መንቆረር ትባል ከነበረችው ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ ወደ ጮቄ ተራራ የሚወጣ መንገደኛ በመጀመሪያ የጤፍና የስንዴ ማሳ፣ ከፍ ሲልም ገብስና ባቄላ፣ በየሸለቆውም ወደ ዓባይ የሚወርድ ምንጭ ያያል። እንዲህ ባለ የእህል አገር የሚኖር ሰው አንገቱ ሲያብጥበት ምክንያቱን ከወዴት ይፈልገው? አንዱ ከውሃው ነው ሲል ሌላው ከዘር ነው ይላል። ማዕድ ሞልቶ ሳለ በማዕዱ ውስጥ አንድ ነገር ጐድሎ ይሆናል ብሎ የሚጠረጥር ግን ጥቂት ነው። ረኀብ የሚታየው በባዶ ሌማት ነውና።

የሚያስገርመው ደግሞ ለጐደለው ነገር መድኀኒት መጓጓዣ ሊሆን ይችል የነበረው ጨው በዚያው አገር እጅግ የተከበረ ዕቃ መሆኑ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት ከደብረ ማርቆስ ብዙ ሳይርቅ በባሶ ይቆም የነበረው ገበያ ስሙ በሩቅ አገር የተሰማ ነበር። ከዓባይ ማዶ የሚመጣው ቡና፣ ወርቅና የዝሆን ጥርስ፣ ሲታሰብ በሚያሳዝን ሁኔታም የሰው ልጅ ጭምር፣ እዚያ በአሞሌ ጨውና በጨርቅ ይለወጥ ነበር። አሞሌው ከአፋር ቆላ ተቆርጦ፣ በግመልና በበቅሎ ተጭኖ፣ ብዙ ኬላ ተሻግሮ የሚመጣ ስለ ነበር ምግብም ገንዘብም ሆኖ ያገለግል ነበር። ነገር ግን እንዲህ ከምድር የሚቆረጠው ጨው አዮዲን የሚባለው ንጥረ ነገር እምብዛም አይገኝበትም። የጎጃም ሰው በውድ ዋጋ የገዛው ጨው ወጡን ያጣፍጥለት ነበር እንጂ የልጁን አንገት አያድንለትም ነበር ማለት ነው።

ይህ ምስጢር እንደምን ታወቀ? ታሪኩ ረጅም ነው። ሐኪሞችም፣ የፊዚክስ ሊቃውንትም፣ የኬሚስትሪ ሊቃውንትም ገብተውበታል። እኛ ግን መንገዱን ለማሳጠር የአንድ ሰው የሥራ ዘመን እንከተላለን። ይህ ሰው የሀንጋሪያው ተወላጅ ጊዮርጊ ዴ ሄቬሺ ነው፤ ጊዮርጊ ማለት በእኛ ጊዮርጊስ ማለት ነው። ሰውዬው ኢትዮጵያን አላየም፤ ስለ እንቅርትም ብሎ ሥራ አልጀመረም። ቢሆንም የማይታየውን ነገር ተከትሎ የሚያሳይ ዘዴ ለሕክምና ያወረሰ እሱ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመቶች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስታውስ።

ሄቬሺ በ1885 በቡዳፔስት ከተማ ከሀብታም ቤተ ሰብ ተወለደ። በ1908 በጀርመን አገር በፍራይቡርግ ዩኒቨርሲቲ የዶክተርነት ማዕረግ ተቀብሎ ለጥቂት ጊዜ በዙሪክ ከሠራ በኋላ በካርልስሩኸ ከተማ ወደሚያስተምረው ወደ ፍሪትዝ ሀበር ሄደ። በዚያን ጊዜ በኬሚስትሪ ዓለም ከሀበር የሥራ ቤት የበለጠ ወሬ የሚሰማበት ስፍራ አልነበረም። ሀበር በ1909 የአየርን ናይትሮጂን ከሃይድሮጂን ጋር አጋብቶ አሞንያ አንጠብጥቦ አሳይቶ ነበርና።

የዚህ ሥራ ቍልፉ ካታሊስት የሚባለው ነገር ነው። ካታሊስት ማለት ሁለት ነገሮች ሲዋሐዱ ወይም አንዱ ነገር ሲለወጥ መካከል ገብቶ ሥራውን የሚያፋጥን፣ በመጨረሻም ራሱ ሳያልቅ የሚወጣ አጣዳፊ ነው። ስሙን በ1835 ያወጣው ስዊድናዊው ሊቅ በርዜሊየስ ነው። ሥራውን ግን ጠላ የምትጠምቅ የጎጃም ሴት ሁሉ ታውቀዋለች። ገብስ ረጥቦ ሲበቅል ውስጡ አንድ ኀይል ይፈጠራል፤ ብቅሉ ደርቆ ተፈጭቶ ከድፍድፉ ሲገባ ያ ኀይል እህሉን ወደ ስኳር ይለውጠዋል፤ ስኳሩም ወደ ጠላነት ይሄዳል። ጥቂት ብቅል ብዙ እህል የሚለውጠው በሚሠራበት ጊዜ ራሱ ስለማይጠፋ ነው። ፓያንና ፔርሶ የሚባሉ ሁለት ፈረንሳውያን በ1833 ይህን ኀይል ከብቅል ለይተው ባወጡ ጊዜ፣ በሕያው ነገር ውስጥ የሚገኘውና ዛሬ ኤንዛይም የሚባለው ካታሊስት ለመጀመሪያ ጊዜ ተለይቶ ታወቀ።

የአየር ናይትሮጂንም እንደ ጥሬ እህል ነው። ከምንተነፍሰው አየር ከአምስቱ እጅ አራቱ እጅ የሚሆነው እሱ ነው፤ ነገር ግን እንደ ባቄላ ካሉ ጥራጥሬዎች ሥር ከሚኖሩት ረቂቅ ፍጥረታት በቀር ተክል እንዳለ ሊበላው አይችልም። ሀበር በታላቅ ግፊትና በብርቱ ሙቀት፣ ኦስሚየምና ዩራኒየም በሚባሉ ብረቶች አጣዳፊነት አሞንያን አወጣ። ከእሱም በኋላ አልዊን ሚታሽ የተባለው የኬሚስትሪ ሊቅ እልፍ ጊዜ ሞክሮ፣ ርካሽና በየትም የሚገኘው ብረት ጥቂት ቅመም ቢጨመርበት ይህንኑ ሥራ እንደሚሠራ አገኘ። በ1913 በኦፓው የመጀመሪያው ፋብሪካ ተከፈተ። ዛሬ የደብረ ማርቆስ አካባቢ ገበሬ በክረምት ማሳው ላይ የሚበትነው ዩሪያ የዚያ ሥራ ልጅ ነው። አንባቢ ሆይ፣ ይህን የብረት ነገር በልብህ ያዘው፤ በኋላ በሌላ ቦታ እናገኘዋለን።

ሄቬሺ ግን በካርልስሩኸ አልቆየም። ሀበር የሰጠው ጥያቄ ኤሌክትሪክ በጋዝ ውስጥ እንዴት እንደሚሄድ ማወቅን የሚጠይቅ ነበረና ይህን ጥበብ ለመማር በ1911 ወደ እንግሊዝ አገር ተሻግሮ በማንቸስተር ከታላቁ ሊቅ ከራዘርፎርድ ዘንድ ገባ። ራዘርፎርድም ሌላ ሥራ ሰጠው። ከኦስትሪያ መንግሥት ብዙ እርሳስ ተልኮለት ነበር። ይህ እርሳስ ራዲየም ከሚወጣበት ድንጋይ የተረፈ ሲሆን «ራዲየም ዲ» የተባለ ጨረር የሚያወጣ ነገር ተቀላቅሎበታል። ጨረራሙን ነገር ከእርሳሱ ለይቶ ማውጣት የወጣቱ ሊቅ ፈንታ ሆነ።

ሄቬሺ የሚያውቀውን ዘዴ ሁሉ ሞከረ። አሟሟ፣ አዘቀጠ፣ አተነነ፣ አጣራ። ሁለት ዓመት ያህል ደክሞ ቅንጣት እንኳ ሊለይ አልቻለም። በኋላ እንደ ታወቀው ነገሩ ከቶ የሚቻል አልነበረም። ራዲየም ዲ ራሱ እርሳስ ነበርና። አንድ ንጥረ ነገር በክብደት የሚለያዩ፣ በኬሚስትሪ ጠባያቸው ግን አንድ የሆኑ ወንድማማች አቶሞች ሊኖሩት ይችላል፤ እነዚህም አይሶቶፕ ይባላሉ።

ሌላ ሰው ቢሆን ሁለት ዓመቱን በከንቱ እንደ ጠፋ ቈጥሮ ወደ ሌላ ሥራ በሄደ ነበር። ሄቬሺ ግን ነገሩን ገልብጦ አሰበው። ጨረራሙ እርሳስ ከተራው እርሳስ ከቶ የማይለይ ከሆነ፣ ተራው እርሳስ የሄደበት ሁሉ አብሮት ይሄዳል ማለት ነው። እንግዲያውስ ጥቂት ጨረራም እርሳስ ከብዙው ጋር ቢቀላቀል ምልክት ይሆናል፤ መሣሪያው የጨረሩን ድምፅ በሰማበት ስፍራ ሁሉ እርሳሱ አለ። በመንጋ መካከል ቃጭል የታሰረላት በግ ማለት ይህ ነው፤ እረኛው በጉም ውስጥ ቃጭሉን ሰምቶ መንጋው የት እንዳለ ያውቃል። በ1913 በቪየና ከፍሪትዝ ፓኔት ጋር ሆኖ ይህን ዘዴ በሥራ አሳየ።

ስለዚህ ዘመን ሄቬሺ ራሱ የተረከው አንድ ቀልድ አለ። በማንቸስተር ያከራየችው ሴትዮ እሑድ ከማዕድ የተረፈውን ሥጋ በሳምንቱ ውስጥ ለውጣ የምታቀርብ እየመሰለው ይጠረጥር ነበር። እሷ ግን አይደለም እያለች ትክዳለች። አንድ እሑድ ከተረፈው ምግብ ላይ ሰው ሳያየው ጥቂት ጨረራም ነገር ነሰነሰበት፤ ከጥቂት ቀን በኋላ መሣሪያውን ይዞ ወደ ማዕድ ቀረበና ከቀረበው ምግብ ጨረሩን አገኘው። የዛሬ ሕግ እንዲህ ያለ ድፍረት አይፈቅድም፤ በዚያን ጊዜ የጨረር ጉዳት ገና በደንብ አልታወቀም ነበር። ቢሆንም በጨዋታ መልክ የተደረገው ይህ ነገር ዘዴው ምን እንደሆነ ከብዙ ገጽ ትምህርት ይልቅ ያስረዳል።

በ1923 ሄቬሺ በኮፐንሃገን በኒልስ ቦር ተቋም ሳለ ባቄላ በጨረራም እርሳስ ውሃ ውስጥ አቁሞ፣ እርሳሱ በሥሩ ገብቶ ወደ ግንዱና ወደ ቅጠሉ ምን ያህል እንደሚወጣ ለካ። በሕያው ፍጥረት ውስጥ የሚሄደውን ነገር በጨረር ምልክት መከተል በዚህ ተጀመረ። የመጀመሪያይቱም መንገድ መሪ በጎጃም ደጋ በየጓሮው የምትበቅለው ባቄላ መሆኗ ደስ ያሰኛል።

ይሁን እንጂ እርሳስ ለሥጋ መርዝ ነው፤ ሥጋ የሚሠራባቸውን ንጥረ ነገሮች ለመከተል ሌላ ጨረራም ነገር ያስፈልግ ነበር። ይህም በ1934 ተገኘ። ኢሬን ኩሪና ባሏ ፍሬደሪክ ዦልዮ ተራውን ንጥረ ነገር በሰው ብልሃት ጨረራም ማድረግ እንደሚቻል በፓሪስ አሳዩ፤ በማግሥቱም ዓመት የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተቀበሉበት። ሄቬሺ ጊዜ ሳያጠፋ በ1935 ጨረራም ፎስፎረስ ለአይጦች አብልቶ ተከተለው። ያገኘውም ነገር ሊቃውንትን አስደነቀ። አንድ ጊዜ ከተሠራ በኋላ እንደ ድንጋይ ጸንቶ ይኖራል ተብሎ የሚታሰበው አጥንት ሳይቀር ያለ ዕረፍት እየፈረሰ የሚታደስ ሆኖ ተገኘ።

ሄቬሺ ወላጆቹ ከአይሁድ ወገን ስለ ነበሩ የሂትለር መንግሥት ሲነሣ በ1934 ፍራይቡርግን ትቶ ወደ ኮፐንሃገን መመለስ ግድ ሆኖበት ነበር። በሚያዝያ 1940 የጀርመን ጦር ዴንማርክን ሲይዝ፣ ፎን ላውኤና ፍራንክ የተባሉት ሊቃውንት በአደራ ያስቀመጧቸው የወርቅ የኖቤል ሜዳሊያዎች በቦር ተቋም ውስጥ ነበሩ። ወርቅ ከጀርመን ማውጣት በሞት የሚያስቀጣ ስለ ነበር፣ በሜዳሊያው ላይ የተቀረጸው ስም ቢታይ ባለቤቱን ያስይዛል። ወታደሮቹ በከተማው መንገድ ሲያልፉ ሄቬሺ ሜዳሊያዎቹን ወርቅ በሚያሟሟ አሲድ ውስጥ አሟሟቸው። ጠርሙሱ በመደርደሪያ ላይ ከሌሎች ጠርሙሶች ጋር ተቀመጠ፤ ፈታሾቹም አላወቁትም። ከጦርነቱ በኋላ ወርቁ ተመልሶ ወጣና ሜዳሊያዎቹ እንደገና ተሠሩ። እሱ ራሱ በ1943 ወደ ስዊድን ሸሽቶ አመለጠ፤ የዚያው ዓመት የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት በጨረር ምልክት ዘዴው ተሰጠው። በ1966 በፍራይቡርግ አረፈ።

አሁን ወደ አንገቱ ዕጢ እንመለስ። ከማንቁርት በታች፣ ቢራቢሮ ክንፏን እንደ ዘረጋች ሆኖ የተቀመጠ ታይሮይድ የሚባል ዕጢ አለ። ይህ ዕጢ የሥጋን ሙቀትና እድገት፣ ከሁሉ ይልቅ የሕፃንን አእምሮ የሚመራ ሆርሞን ይሠራል። አዮዲን ራሱ በ1811 በፈረንሳዊው ኩርቱዋ ከባሕር ሣር አመድ ተገኘ። በ1820 የጄኔቫው ሐኪም ኩዋንዴ እንቅርት ላለባቸው ሰዎች ሰጥቶ እብጠቱ ሲቀንስ አየ። በ1830ዎቹ ቡሲንጎ የተባለ ሌላ ፈረንሳዊ በደቡብ አሜሪካ ተራሮች ተዘዋውሮ፣ በተፈጥሮው አዮዲን ያለበት ጨው በሚበሉ መንደሮች እንቅርት እንደሌለ ታዘበና አዮዲናም ጨው እንዲበላ መከረ። በ1895 ባውማን የተባለው ጀርመናዊ አዮዲን በዚሁ ዕጢ ውስጥ እንደሚገኝ አሳየ። ምክሩ ከተሰጠ ዘጠና ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ በ1922 ተራራማይቱ ስዊስ ጨዋን በአዮዲን ማከም ጀመረች። ከማወቅ እስከ ማድረግ ያለው መንገድ በአውሮፓም ቢሆን እንዲህ ረጅም ነበር።

አዮዲን በሕያው ሰው ሥጋ ውስጥ ወዴት እንደሚሄድ፣ በምን ያህል ፍጥነት እንደሚሄድ ግን በዐይን ያየ አልነበረም። በ1936 በአሜሪካ በቦስተን የፊዚክሱ ሊቅ ካርል ኮምፕተን ለሐኪሞች ንግግር ሲያደርግ፣ ሳውል ኸርትዝ የተባለ ወጣት ሐኪም አዮዲንን ጨረራም ማድረግ ይቻል እንደሆነ ጠየቀው። ይቻል ነበር፤ ነገር ግን በዚያን ጊዜ የታወቀው ጨረራም አዮዲን በ25 ደቂቃ እኩሌታው የሚጠፋ ነበርና ለብዙ ሥራ አይመችም። በ1938 በካሊፎርኒያ ጆሴፍ ሃሚልተን የተባለው ሐኪም በዚህ ተቸግሮ ለኬሚስትሪው ሊቅ ለግሌን ሲቦርግ ነገሩን አወያየው። ሲቦርግ ምን ያህል ዕድሜ ያለው ቢሆን ትፈልጋለህ ብሎ ቢጠይቀው አንድ ሳምንት ያህል አለው። ሲቦርግም ከጆን ሊቪንጉድ ጋር ሠርቶ በስምንት ቀን እኩሌታው የሚጠፋውን አዮዲን 131 አገኘ። ከዓመታት በኋላ የሲቦርግ እናት በዚሁ ዕጢ በታመመች ጊዜ ልጇ ባገኘው አዮዲን ታክማ ዕድሜዋ ተራዘመ። ኸርትዝም በ1941 ዕጢያቸው ከመጠን በላይ የሚሠራባቸውን ሕሙማን በጨረራም አዮዲን ማከም ጀመረ።

ይህ ሁሉ የሄቬሺ እርሳስ ትምህርት ነው። ዕጢው ጨረራሙን አዮዲን ከተራው ለይቶ ሊያውቅ አይችልም፤ እንደ ምግቡ አድርጎ ይስበዋል። ሊቁ በሥራ ቤት መለየት ያቃተው ነገር ለሥጋም የማይቻል ሆኖ ተገኘና ለሕመምተኛው መዳኛ ሆነ። ያው አለመለየት ለጥፋትም ይሆናል። በ1986 የቼርኖቢል የአቶም ኀይል ማመንጫ በፈነዳ ጊዜ በሣሩና በወተቱ በኩል ጨረራም አዮዲን የገባባቸው ብዙ ሕፃናት በዚሁ ዕጢ ካንሰር ያዛቸው። በአካባቢው ምግብ አዮዲን ያንስ ነበርና የተራቡት ዕጢዎች የመጣላቸውን ሁሉ አብዝተው ዋጡት።

ጨረራም መድኀኒት የማዘጋጀት ጥበብ ከዚያ ወዲህ ብዙ ተራምዷል። በ1950ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካ በብሩክሄቨን የሥራ ቤት የተፈለሰፈው መሣሪያ የኛን አገር ሰው በስሙ ፈገግ ያሰኘዋል። በውስጡ ያለው ጨረራም ሞሊብዴነም በ66 ሰዓት እኩሌታው ወደ ቴክኒሺየም ይለወጣል፤ ቴክኒሺየሙም በስድስት ሰዓት እኩሌታው ስለሚጠፋ ሕመምተኛውን ብዙ ሳይጎዳ ለምርመራ ይሆናል። ሠራተኞቹ በየማለዳው በጨው ውሃ አጥበው ቴክኒሺየሙን ይወስዳሉ፤ መሣሪያውን «ላም»፣ ሥራውንም «ማለብ» ይሉታል። የአንገቱ ዕጢ ቴክኒሺየምን እንደ አዮዲን ስለሚስበው በዚህ ዘዴ ሥዕሉ ይነሣል። ኢትዮጵያ በ1957 የዓለም አቀፉ የአቶም ኀይል ድርጅት አባል ሆናለች፤ በአዲስ አበባም በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለዚህ ዓይነቱ ሕክምና ክፍል ተቋቁሟል።

በዚህ ስፍራ በልባችን ይዘን የመጣነውን የብረት ነገር እናነሣለን። ዕጢው አዮዲንን ከደም ከሳበ በኋላ እንዲሁ አያኖረውም፤ ከፕሮቲን ጋር አጣብቆ ሆርሞን ያደርገዋል። ይህን የሚያፋጥነው ታይሮይድ ፐሮክሲዴዝ የሚባል ኤንዛይም ነው። በኤንዛይሙ መካከል ተቀምጦ የሚሠራው ደግሞ ብረት ነው። በኦፓው ፋብሪካ አየርን ወደ ማዳበሪያ የለወጠው ብረት፣ እጅግ በረቀቀ መጠን በሰው አንገት ውስጥ ተቀምጦ አዮዲንን ወደ ሆርሞን ይለውጣል። ሄቬሺ በወጣትነቱ በሀበር ቤት ያየው የካታሊስት ጥበብና በኋላ ራሱ የፈጠረው የጨረር ምልክት ጥበብ ሁለት የተለያዩ መንገዶች ይመስሉ ነበር፤ በዚህች ትንሽ ዕጢ ውስጥ ግን ተገናኙ። አንዱ ዕጢው እንዴት እንደሚሠራ ያስረዳል፤ ሁለተኛው ሲሠራ ያሳያል።

ጥሬ ነገሩ ከሌለ ግን ካታሊስት ምን ይጠቅማል? ብቅል ብቻውን ያለ እህል ጠላ አይሆንም። አዮዲን ሲያንሰው ዕጢው ያለችውን ጥቂት ነገር ለመያዝ ሲል ራሱን ያሰፋል፤ እንቅርት የምንለው ይህ ነው። በ1951 ጆን ስታንበሪ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ከባልንጀሮቹ ጋር አዮዲን 131 ይዞ በአርጀንቲና ከአንዲስ ተራሮች ግርጌ ወዳለችው ወደ ሜንዶሳ ሄደ። እንቅርት ያለባቸው ሰዎች ዕጢ የተሰጠውን ጨረራም አዮዲን በታላቅ ስስት ሲስብ፣ በሽንታቸውም የሚወጣው አዮዲን እጅግ ጥቂት ሆኖ አገኘ። ያበጠው አንገት በጥጋብ አገር የሚኖር የተሰወረ ረኀብ ምልክት መሆኑ በመሣሪያ ተመሰከረ።

የአንዲስ ነገር የጮቄም ነገር ነው። አዮዲን የባሕር ሀብት ነው፤ በተራራ አፈር ላይ የሚገኘውን ጥቂቱን ደግሞ ዝናብ አጥቦ ይወስደዋል። የጎጃም ደጋ ዝናቡ ብርቱ ነው፤ ማሳው ተዳፋት ነው፤ በየክረምቱ ጎርፉ ቀይ ሆኖ ወደ ዓባይ ሲወርድ አዮዲኑንም ይዞት ይሄዳል። ከዚህ አፈር የበቀለ እህል፣ ይህን ሣር የበላች ላም ወተቷም ሳይቀር አዮዲን ያንሰዋል። እህሉ የከፋ ስለሆነ አይደለም፤ አፈሩ ያጣውን እህሉ ከየት ያመጣል?

የሚጐድለው መጠን እጅግ ጥቂት ነው። አንድ ግራም ከሚሊዮን ተከፍሎ 150 እጁ ለአንድ ትልቅ ሰው ለቀን ይበቃዋል፤ ለነፍሰ ጡር ሴት 250 እጅ ያስፈልጋታል። ለአንድ ሰው ዕድሜ ሁሉ የሚበቃው ቢሰበሰብ ከአንድ የሻይ ማንኪያ አይበልጥም። ይህች ጥቂት ነገር ስትጐድል የሚደርሰው ጉዳት ግን ታላቅ ነው። እንቅርቱ የሚታየው ክፍል ነው። የማይታየው በማሕፀን ያለ ልጅ አእምሮው በሚሠራበት ጊዜ መጐዳቱ ነው፤ ሲብስም መስማትና መናገር የተሳነው፣ እድገቱ የቀጨጨ ሆኖ ይወለዳል። በትምህርት ቤት ሰነፍ ተብሎ የሚገረፈው ልጅ ስንፍናው ከእናቱ ጨው የመጣ ሊሆን ይችላል።

በአገራችን ጉዳቱ ምን ያህል እንደ ነበረ ቍጥር ይናገራል። በ2007 በታተሙት አገር አቀፍ ጥናቶች ከ15 እስከ 49 ዓመት ካላቸው ሴቶች ከመቶው 36 ያህሉ፣ ከ6 እስከ 12 ዓመት ካላቸው ልጆች ደግሞ ከመቶው 40 ያህሉ እንቅርት ነበረባቸው። ቀድሞ ብዙው ጨው ከኤርትራ ወደቦች ይመጣ ነበር፤ ከ1998ቱ ጦርነት ወዲህ ግን በአፋር ከአፍዴራ ሐይቅ የሚወጣው ጨው ቦታውን ያዘ፤ ያም በብዛት አዮዲን ሳይጨመርበት ለገበያ ይቀርብ ነበር። በ2011፣ በእኛ አቆጣጠር በ2003 ዓ.ም.፣ ለምግብ የሚሆን ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ አወጣ። በዚያው ዓመት በተደረገው አገር አቀፍ የሕዝብና የጤና ጥናት አዮዲን ያለበት ጨው የተገኘው ከመቶው ቤት በ15ቱ ብቻ ነበር፤ በ2016 በተደረገው ጥናት ግን ከመቶው በ89ኙ ተገኘ።

ይህ ታላቅ ሥራ ነው፤ ነገር ግን ተፈጸመ ማለት አይደለም። ጨው አዮዲን አለበት ማለት የሚበቃው ያህል አለበት ማለት አይደለምና። በፋብሪካ በደንብ ሳይቀላቀል ሊቀር ይችላል፤ በገበያ ፀሐይና ዝናብ ላይ ተሰጥቶ ሊባክን ይችላል፤ በቤትም ክዳን በሌለው ዕቃ ተቀምጦ፣ ከወጡም ጋር ረጅም ጊዜ ፈልቶ ሊቀንስ ይችላል። ስለዚህ ጨውን በደረቅና በተከደነ ዕቃ ማኖር፣ ከወጡም ወደ መጨረሻው መጨመር፣ ሊቁ በሥራ ቤቱ የጀመረውን ሥራ በማጀት መፈጸም ነው። ጨረራም አዮዲን ለታመመ ዕጢ በሐኪም እጅ የሚሰጥ ብርቱ መድኀኒት ነው፤ ለተራበ ዕጢ ግን መድኀኒቱ ይህ የማጀቱ ጨው ነው።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው ምንድር ነው? ሄቬሺ እርሳሱን ለመለየት ሁለት ዓመት ደክሞ አልሆነለትም፤ አለመቻሉን ግን በቅንነት መርምሮ ለሌሎች ዐይን የሚሆን ጥበብ አወጣበት። ሌሎችም በዚያ ዐይን የተራራ ሰዎችን ስውር ረኀብ አዩ። ይሁን እንጂ ከኩዋንዴ ሕክምና እስከ እኛ ደንብ ድረስ 191 ዓመት አልፏል፤ በዚያ ሁሉ ዘመን በደጋው የተወለዱት ልጆች የታወቀውን መድኀኒት ሳያገኙ አደጉ። ዕውቀት በሊቃውንት ቤት ሲገኝ ግማሽ መንገድ ተሄደ፤ ቀሪው ግማሽ የመንግሥት፣ የነጋዴና የእናት ነው። አባቶቻችን ጨውን «ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ብለው ይጥሉሃል» ይሉት ነበር። ዛሬ በባሶም ሆነ በደብረ ማርቆስ ገበያ ጨው የሚገዛ ሰው መጣፈጡን ብቻ ሳይሆን አዮዲን ያለበት መሆኑንም ጠይቆ ይግዛ። ያ አንድ ጥያቄ ገና ያልተወለደውን ልጅ አእምሮ ይጠብቃል።